የወንዞች መገናኛ ከተማ፤ የፕራያግ ታሪክና የተሳላሚዎቿ ዕጣ

ከሂማላያ በረዶ የሚነሡት ጋንጋና ያሙና የሰሜን ሕንድን ሜዳ ለየብቻቸው አቋርጠው ከመጡ በኋላ በኡታር ፕራዴሽ ክፍለ ሀገር ከአንዲት ጥንታዊ ከተማ አጠገብ ይገናኛሉ። ወደ ስፍራው የሚሄድ እንግዳ ከምሽጉ ግርጌ ታንኳ ተከራይቶ ወደ መካከል ሲቀዝፍ በመጀመሪያ የሚያስተውለው የውሃዎቹን ቀለም ነው። ያሙና ጥልቅ፣ ዝግ ያለና ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ነው፤ ጋንጋ ግን ደለል የተሸከመ፣ ጥልቀቱ አነስተኛ የሆነና ገርጣ ያለ ነው። ሁለቱ እንደ ተገናኙ ወዲያው አይዋሐዱም፤ መካከላቸው ወሰን የተሰመረላቸው ይመስል ጥቂት መንገድ ጎን ለጎን ይፈሳሉ። የሂንዱ ሃይማኖት ተከታዮች ግን በዚያ ስፍራ የሚገናኙት ወንዞች ሦስት ናቸው ብለው ያምናሉ። ሦስተኛዋ በዐይን የማትታየው ሳራስዋቲ ናት።

ከተማዋ በዘመናት ውስጥ ስሞች ተፈራርቀውባታል። ጥንታዊው ስሟ ፕራያግ ሲሆን በሳንስክሪት ቋንቋ የመሥዋዕት ስፍራ ማለት ነው። የሞጉል ንጉሠ ነገሥት አክባር ኢላሃባስ አላት፤ ይህም ውሎ አድሮ አላሃባድ ተባለ፤ በ2018 ደግሞ የክፍለ ሀገሩ መንግሥት ፕራያግራጅ ብሎ ሰየማት። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እያንዳንዱ ስም የሰጪውን ማንነት ይናገራል። ለመታጠብ የሚመጣው ገበሬ ግን በዘመናት ሁሉ የሚጠራው በአንድ ቃል ነው፤ ሳንጋም፣ ማለትም መገናኛው።

የፕራያግ ታሪክ ከሌሎች ቅዱሳን ከተሞች ታሪክ የሚለይበት አንድ ዐቢይ ነገር አለ። ወደ ኢየሩሳሌም ወይም ወደ መካ የሚጓዝ ተሳላሚ መድረሻው በድንጋይ የታነፀ ቤት ነው። በፕራያግ ግን እጅግ የተቀደሰው ቦታ ሕንፃ የለበትም፤ ሊኖርበትም አይችልም። መገናኛው ውሃ ነው። በዙሪያው ያለው ሰፊ አሸዋማ መሬትም በክረምቱ ሙላት ከሐምሌ እስከ መስከረም ይሰጥማል፤ ሙላቱ ሲጎድል ብቅ ይላል፤ የጋንጋ አቅጣጫ በየዓመቱ ስለሚቀያየርም መሬቱ በአምናው ቦታ አይገኝም። ነገሥታትና መንግሥታት ምሽጋቸውን፣ ዓምዳቸውንና ድልድያቸውን ያቆሙት በዚህ መሬት ዳርቻ ነው። ሕዝቡ የሚሰበሰበው ግን በመሬቱ ላይ ነው። ስለዚህ የከተማዋ እውነተኛ ታሪክ የሚገኘው ገዥዎች ባቆሟቸው ድንጋዮች ላይ ብቻ ሳይሆን፣ ወደዚያ አሸዋ ለሚወርደው ሕዝብ በየዘመኑ ማን ኃላፊ ነበር፣ ከእርሱስ ምን ወሰደ፣ ምንስ ሰጠው በሚለው ጥያቄ ውስጥ ነው።

ሂንዱዎች ቅዱስ ስፍራን ቲርታ ይሉታል። የቃሉ መነሻ ትርጉም መሻገሪያ፣ የወንዝ መልካ ማለት ነው፤ ሰው ከዚህ ዓለም ወደዚያኛው የሚሻገርበት እንደሆነ ስለሚታሰብ ነው። ፕራያግም የቲርታዎች ሁሉ ንጉሥ ትባላለች። ዐቢዩ የመታጠቢያ ወቅት ማግ የሚባለው ወር ሲሆን በጥርና በየካቲት ላይ ይውላል። በዚያ ወር አያሌ ሰዎች፣ በተለይም በዕድሜ የገፉት፣ ከቤታቸው ወጥተው በአሸዋው ላይ በድንኳን ይሰነብታሉ። በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ይመገባሉ፤ መሬት ላይ ይተኛሉ፤ በብርዱ ጎሕ ሲቀድ ወንዝ ይወርዳሉ። ይህ ሥርዓት ካልፓቫስ ይባላል። በዐሥራ ሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ኩምብ የተሰኘው ታላቅ በዓል ይደርሳል። ኩምብ ማለት እንስራ ነው፤ አማልክትና አጋንንት የማይሞት ሕይወት የሚሰጠውን መጠጥ ከያዘ እንስራ ጋር ሲታገሉ አራት ጠብታ በአራት ቦታ እንደወደቀና ከእነዚያም አንዱ ፕራያግ እንደሆነ ይተረካል። ጊዜው የሚወሰነው በጁፒተር ዑደት ነው። ጁፒተር ፀሐይን የሚዞርበት ጊዜ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሳይሞላ በጥቂት ስለሚያንስ በዓሉ አንዳንድ ጊዜ በዐሥራ አንደኛው ዓመት ይውላል። በ1966 የተከበረው በዓል ቀጣዩ በ1977 የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ስፍራው ከውጭ አገር ሰው የተገኘው እጅግ የታወቀ ጥንታዊ ምስክርነት የቻይናዊው መነኩሴ የሹዋንዛንግ ነው። ሹዋንዛንግ የቡድሃን መጻሕፍት ፍለጋ ሕንድን ሲዞር በ643 ገደማ የሰሜን ሕንድ ንጉሥ ከነበረው ከሐርሻ ጋር ወደ ፕራያግ መጣ። ንጉሡ በየአምስት ዓመቱ በሁለቱ ወንዞች መካከል ባለው ሜዳ ታላቅ ጉባኤ እየጠራ ሀብቱን ይመጸውት ነበር። ያኔ የተደረገው ስድስተኛው ነው። የመነኩሴው የሕይወት ታሪክ እንደሚለው ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ተሰብስቦ ነበር። በመጀመሪያው ቀን የቡድሃ ምስል፣ በሁለተኛው የፀሐይ፣ በሦስተኛው የሺቫ ከቆመ በኋላ ለመነኮሳት፣ ለብራህማኖች፣ ለድሆችና ለሙት ልጆች ምጽዋት ሲሰጥ ሰባ አምስት ቀን ፈጀ። ለአገር መጠበቂያ ከሚያስፈልጉት ፈረሶች፣ ዝሆኖችና የጦር መሣሪያዎች በቀር ግምጃ ቤቱ ባዶ ሆነ። በመጨረሻ ሐርሻ የለበሰውን ልብስና ጌጡን ሁሉ ሰጥቶ ከእህቱ አሮጌ ልብስ ለምኖ ለበሰ።

ታሪኩን የጻፈው ሰው ግን ሌላም ነገር አክሏል፤ ብዙ ጊዜ የማይነገርለት ይኸው ነው። ምጽዋቱ ካለቀ በኋላ የበታች ነገሥታት በገዛ ገንዘባቸው የንጉሡን ልብሶችና ጌጦች ከተቀበሉት ሰዎች ገዝተው መለሱለት። የንጉሥ ልግስና በታላቅ ትርኢት ወጥቶ በጸጥታ ወደ ግምጃ ቤቱ መመለሱ ምን ያህል እውነት እንደሆነ ማረጋገጥ ባይቻልም፣ ታሪኩ ጸሐፊው የሚያስተውል ሰው እንደነበር ያሳያል። አንዳንዶች ይህን ጉባኤ የዛሬው ኩምብ አባት አድርገው ይቆጥሩታል። ሆኖም ጉባኤው በየአምስት ዓመቱ የሚደረግና በአመዛኙ የቡድሃ እምነት መንፈስ የነበረው በመሆኑ አባትነቱን እንዲህ በቀላሉ መቀበል ያስቸግራል።

ነገሥታት በፕራያግ ድንጋይ ላይ ምን እንደጻፉ ለማየት በምሽጉ ውስጥ የቆመውን ዓምድ ማንሣት ይበቃል። ዓምዱ ከተወለወለ የአሸዋ ድንጋይ የተሠራ ሲሆን ቁመቱ ዐሥር ሜትር ከግማሽ ያህል ነው። መጀመሪያ ጽሑፍ ያስቀረጸበት በሦስተኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት የነገሠው አሾካ ነው። ከትእዛዛቱ አንዱ በካውሻምቢ ለሚገኙ ሹማምንት የተጻፈ በመሆኑ ዓምዱ መጀመሪያ የቆመው በዚያች ከተማ ሆኖ ኋላ ወደ መገናኛው እንደተጓዘ ብዙ ሊቃውንት ያምናሉ። አሾካ በዚያ ትእዛዝ በመነኮሳት መካከል መከፋፈልን የሚያመጣ ከማኅበራቸው እንዲወጣ አዟል። ከስድስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የጉፕታው ንጉሥ ሳሙድራጉፕታ፣ ሐሪሼና የተባለው ባለሟሉ የደረሰውን የድል ውዳሴ በዚያው ዓምድ ላይ አስቀረጸ። ጽሑፉ የተገረሰሱትን፣ ግብር የገቡትንና ምሕረት የተደረገላቸውን ነገሥታት በስም ይቈጥራል። ለሰላም በቆመ ድንጋይ ላይ የጦርነት ዝርዝር መጨመሩ የታሪክ ምፀት ነው። በ1605 የአክባር ልጅ ጃሃንጊር የዘር ሐረጉን በፋርስ ቋንቋ አስጻፈበት።

በእነዚህ መካከል የንጉሥ ያልሆነ አንድ አጭር ጽሑፍ አለ። የአክባር ባለሟል የነበረው ሂንዱው ቢርባል በ1575 በማግ ወር ወደ ቲርታዎች ንጉሥ መጥቶ መሳለሙን አስቀርጿል። ዓምዱ ከሚሸከማቸው የታወቁ ጽሑፎች መካከል ስለ መንገደኛ የሚናገረው ይህ ነው።

ዓምዱ ወድቆ ሳለ እንግሊዞች አገኙት። በካልካታ የገንዘብ ማተሚያ ቤት ባለሙያ የነበረው ጄምስ ፕሪንሴፕ የዚህንና የሌሎች ዓምዶችን ጽሑፍ እያስተያየ ለብዙ መቶ ዓመታት አንባቢ ያጣውን የብራህሚ ፊደል በ1837 ፈታው። የአሾካ ስምና ሥራ ከጨለማ የወጣው በዚህ ነው። በተከታዩ ዓመት ካፒቴን ኤድዋርድ ስሚዝ ዓምዱን አቁሞ ራሱ የነደፈውን አንበሳ ጫነበት። የጥንታዊ ቅርሶች አጥኚው አሌክሳንደር ከኒንግሃም ግን ፍጥረቱ ከአንበሳ ይልቅ በገለባ የታጨቀ ውሻ እንደሚመስል ጽፎ ተሳልቆበታል።

ምሽጉን የሠራው አክባር ነው፤ ሥራው የተጀመረው በ1583 ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሁለቱን የውሃ መንገዶች የሚቈጣጠር ጠንካራ ስፍራ ፈልጎ ነበርና ከመገናኛው የተሻለ ሊያገኝ አይችልም ነበር። ከተማዋን ከሙላት የሚጠብቀው ረጅሙ የአፈር ግድብም ለእርሱ ዘመን ይሰጣል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን፣ በ1563፣ አክባር ከሂንዱ ተሳላሚዎች ይሰበሰብ የነበረውን ቀረጥ በግዛቱ ሁሉ ሽሯል። ሰዎች አምላካቸውን በሚያመልኩበት መንገድ ላይ ገንዘብ መጠየቅ ተገቢ እንዳልሆነ ያምን ነበር። ለመንገደኛው ከምሽጉ ግንብ የሚበልጠው ይህ ውሳኔ ነው። ግንቡ እንዲያውም አንድ ነገር ነስቶታል። አክሻያቫት የሚባለው የማይሞት ዋርካ በቅጥሩ ውስጥ ቀረ። ስፍራው የጦር ሠራዊት ይዞታ ሆኖ ስለቆየ የዛፉ በር ለሕዝብ በሰፊው የተከፈተው በ2019 ነው።

የሞጉሎች ኃይል ሲደክም ከተማዋ ከእጅ ወደ እጅ ተዛወረች። በ1765 ንጉሠ ነገሥት ሻህ አላም ሁለተኛ በአላሃባድ በተፈረመ ውል የቤንጋልን፣ የቢሃርንና የኦሪሳን ግብር የመሰብሰብ መብት ለእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሰጠ። አንድ የንግድ ድርጅት በሚሊዮን የሚቈጠር ሕዝብ ግብር ሰብሳቢ የሆነበት ውል በመሆኑ ለቅኝ አገዛዙ መሠረት ጥሏል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከተማዋ ራሷ በ1801 ከአዋድ ገዥ ተወስዳ በኩባንያው እጅ ገባች።

ኩባንያው ከአዋድ ገዥዎች የወረሰው አንድ ልማድ የተሳላሚዎች ቀረጥ ነበር፤ አልተወውም፤ ደንብ አውጥቶ አደራጀው። በእግሩ የመጣ አንድ ሩፒ ይከፍላል፤ በፈረስ ወይም በዝሆን የመጣ ከዚያ በላይ ይከፍላል። ያልከፈለ ሰው ወደ መገናኛው አይወርድም። ያኔ አንድ ሩፒ ለድሃ ሰው ብዙ ቀን የሚያሳድር ገንዘብ ነበር። ከሩቅ አገር ስንቁን ተሸክሞ ለወራት የተጓዘ ገበሬ ውሃው በዐይኑ እየታየ በጠባቂዎች ይመለሳል። ነገሩን ይበልጥ አስደናቂ የሚያደርገው በቀረጡ ላይ የተነሣው ተቃውሞ ነው። በእንግሊዝ አገር የሚገኙ ሚስዮናውያንና ወዳጆቻቸው ለዓመታት ተሟገቱ፤ ሙግታቸው ግን ድሃው ተበደለ የሚል ሳይሆን፣ የክርስቲያን መንግሥት ከጣዖት አምልኮ ገቢ እያገኘ ጠባቂው ሆኗል የሚል ነበር። ቀረጡ በ1840 በሕግ ተሻረ። ለመንገደኛው ጥቅም የሆነው ውሳኔ የመጣው የመንገደኛውን እምነት ከሚንቁ ሰዎች ነው።

በ1857 በኩባንያው ላይ ታላቁ ዐመፅ ሲነሣ አላሃባድም ተነሣች። ኮሎኔል ኒል ጦሩን ይዞ ደርሶ ከተማዋን መልሶ ያዘ፤ የበቀል እርምጃውም እጅግ ጨካኝ ነበር፤ መንደሮች ተቃጠሉ፤ ሰዎች ያለ በቂ ፍርድ በዛፍ ላይ ተሰቀሉ። የስፍራው ካህናትም በዐመፁ ተካፍላችኋል ተብለው ተከሰሱ። በኅዳር 1 ቀን 1858 እንደራሴው ሎርድ ካኒንግ በዚያችው ከተማ በያሙና ዳር ቆሞ የንግሥት ቪክቶሪያን ዐዋጅ አነበበ። ኩባንያው ቀረ፤ የዘውዱ አገዛዝ ተተካ። በዐዋጁ ውስጥ መንግሥት በሕዝቡ ሃይማኖት ጣልቃ እንዳይገባ የሚል ቃል ኪዳን ነበረበት።

ይህ ቃል ኪዳን በአሸዋው ላይ ያስከተለውን ውጤት ማስተዋል ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ሹማምንቱ በዓሉን ቢጠረጥሩትም ሊከለክሉት አልቻሉም፤ የቀራቸው ማደራጀት ብቻ ነበር። የባቡር ሐዲዱ በ1859 ከተማዋ ደርሶ የያሙና ድልድይ በ1865 ሲከፈት የተሳላሚው ቁጥር ከቀድሞው ጋር የማይነጻጸር ሆነ። በዓሉ ኩምብ በሚለው ስም በአላሃባድ የመንግሥት ሰነዶች ውስጥ ጎልቶ የሚታየውም ከ1860ዎቹ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ጽሑፎች የሚያወሱት የማግን በዓል ነው። ስለዚህ አንዳንድ የታሪክ ተመራማሪዎች፣ መታጠቡ እጅግ ጥንታዊ ቢሆንም የዐሥራ ሁለት ዓመቱ በዓል በዚህ ስምና በዚህ ግዝፈት በፕራያግ የተተከለው ከዐመፁ በኋላ፣ ካህናቱና ባሕታውያኑ የንግሥቲቱን ቃል ኪዳን ጋሻ አድርገው ነው ይላሉ። ሌሎች ይህን አይቀበሉም። ያም ሆነ ይህ ከጥንት ጀምሮ እንዲሁ ነበር የሚባለው ነገር ሁሉ ሲመረመር የራሱ የልደት ቀን ሊኖረው እንደሚችል ያሳያል።

የበዓሉ የራሱ መዝገብ ጠባቂዎች ግን መንግሥት የሾማቸው አይደሉም። ፕራያግዋል የሚባሉት ካህናት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አውራጃዎችና መንደሮች አሏቸው። ተሳላሚው ሲመጣ የአገሩን ካህን ይፈልጋል። ማንበብ የማይችለው እንዲያገኘው ካህናቱ በረጃጅም ቀርከሃ ላይ ዓሣን የመሳሰለ ልዩ ልዩ ምልክት ያለበት ሰንደቅ ይሰቅላሉ። ካህኑ የቤተሰቡን መዝገብ አውጥቶ ይገልጣል። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት መቼ መጥተው እንደነበር በዚያ ተጽፎ ይገኛል፤ አዲሱም እንግዳ ስሙንና የልጆቹን ስም ያስጨምራል። ድንጋዩ ዓምድ ከነገሥታቱ ጋር የአንድ ባለሟልን ጉዞ ብቻ ሲያስታውስ እነዚህ መጻሕፍት በየትም ስሙ የማይገኝ ገበሬ እንዳይረሳ አድርገዋል። የታሪክ ባለሙያዎች ይህን ሀብት ገና በሚገባ አልተጠቀሙበትም ማለት ይቻላል።

የዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ሹማምንት በአሸዋው ላይ ከሁሉ ይልቅ የፈሩት ኮሌራን ነው። ከመላው አገር የመጣ ሕዝብ በአንድ ወንዝ ታጥቦና ጠጥቶ በባቡር ወደየመንደሩ ሲበተን በሽታውን ይዞ ሊሄድ ይችል ነበር፤ ፍርሃቱ መሠረት የሌለው አልነበረም። በዚህ ምክንያት የድንኳን መንደሮቹ በመስመር ተተለሙ፤ የመጸዳጃ ጉድጓዶች ተቈፈሩ፤ ሐኪሞችና የጽዳት ሠራተኞች ተመደቡ። በዚያው ዘመን አርነስት ሃንኪን የተባለ የባክቴሪያ ተመራማሪ የጋንጋና የያሙና ውሃ የኮሌራን ተሕዋስያን እንደሚገድል በሙከራ አግኝቶ በ1896 አሳተመ። ምክንያቱ በጊዜው አልታወቀም፤ በኋላ ግን ባክቴሪያን የሚያጠቁ ቫይረሶች ሲገኙ የሃንኪን ጽሑፍ ከቀደምት ፍንጮች እንደ አንዱ ተቈጠረ። ይህ ግን ወንዙ ሁሉን ያነጻል ለሚሉ ሰዎች ማስረጃ አይሆንም። በ2025 የሕንድ ማዕከላዊ የብክለት መቆጣጠሪያ ቦርድ በበዓሉ ወቅት በመገናኛው ውሃ ውስጥ ከዐይነ ምድር የሚመጡ ባክቴሪያዎች መጠን ለመታጠቢያ ከተፈቀደው በላይ መሆኑን ዘግቧል። የክፍለ ሀገሩ መንግሥት ይህን አስተባብሏል።

አላሃባድ የነፃነት ትግሉም ከተማ ነበረች። ጃዋሃርላል ኔህሩ በ1889 የተወለደው በዚያ ነው፤ የአባቱ የሞቲላል ኔህሩ ቤትም የትግሉ መሪዎች መሰብሰቢያ ነበር። የማሐተማ ጋንዲ ዐመድ ከፊሉ በየካቲት 1948 በመገናኛው ተበተነ። በሃይማኖት የማያምነው ኔህሩ ራሱ ከዐመዱ ጥቂቱ በአላሃባድ በጋንጋ እንዲጣል በኑዛዜው ሲያዝ፣ ይህን የሚያደርገው ከልጅነቱ ጀምሮ ለወንዙ ባለው ፍቅር እንጂ በሃይማኖት ምክንያት እንዳልሆነ ለይቶ ጽፏል።

በ1954 የተከበረው ኩምብ ሕንድ ነፃነቷን ካገኘች በኋላ የመጀመሪያው ነበር። አሁን በአሸዋው ላይ ለሚወርደው ሕዝብ ኃላፊው የገዛ መንግሥቱ ሆነ። ፕሬዚዳንቱ ራጄንድራ ፕራሳድና ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኔህሩ በዚያው ነበሩ። የካቲት 3 ቀን የማግ ጨረቃ የምትጠፋበትና በዝምታ የሚታጠቡበት፣ ከቀኖች ሁሉ የሚበልጠው ቀን ነበር። ሕዝቡ በሚሊዮን ይቈጠራል። ሰውነታቸውን ዐመድ የተቀቡት ናጋ ባሕታውያን በሰልፍ ሲያልፉ፣ ወደ ወንዙ የሚወርደውና ከወንዙ የሚመለሰው ሕዝብ ከግድቡ አጠገብ ፊት ለፊት ተጋጠመ። ወደ ኋላ መመለሻ አልነበረም። የወደቀ አልተነሣም። የሟቾቹ ቁጥር እንደየዘገባው ከሦስት መቶ እስከ ስምንት መቶ ይደርሳል፤ በአንድ ቁጥር ላይ ስምምነት አልተገኘም። መንግሥት በዳኛ የሚመራ አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ። ኔህሩም ባለ ሥልጣኖችና ታላላቅ ሰዎች በዐበይት የመታጠቢያ ቀኖች ወደ ስፍራው እንዳይሄዱ መከረ። መውረጃና መመለሻ መንገድ መለየት እንዳለበት፣ ለክብር እንግዶች ተብሎ የሚዘጋ መንገድ በሌላው ሰው ላይ እንደሚያጣብብ ከዚያ ቀን ወዲህ አላውቅም ሊል የሚችል አስተዳዳሪ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የተገነባው የማደራጀት ጥበብ በእርግጥ የሚያስደንቅ ነው። ሙላቱ ከጎደለ በኋላ ባሉት ጥቂት ወራት ውስጥ በአሸዋው ላይ የብረት ሰሌዳ የተነጠፈባቸው ጎዳናዎች፣ የመብራትና የውሃ መስመር፣ ሆስፒታልና የፖሊስ ጣቢያ ያለው ከተማ ይቆማል፤ ወንዙም በተንሳፋፊ ድልድዮች ይታሰራል። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2013 ይህን ጊዜያዊ ከተማ ለማጥናት መጥተው ነበር። በ2017 ዩኔስኮ ኩምብን በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስገባ። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልብን የሚነካው ግን የጠፉ ሰዎች መገናኛ ድንኳን ነው። በ1946 በበጎ ፈቃደኞች የተጀመረው ይህ አገልግሎት ከዘመዶቻቸው የተለዩትን ስም በድምፅ ማጉያ ሌት ተቀን ይጠራል። አብዛኞቹ ጠፊዎች ከገጠር የመጡ አሮጊቶች ናቸው፤ እንደ ልማዳቸው የባላቸውን ስም የማይጠሩ ስላሉም ጠሪው የመንደሩን ስም ይዞ ይጣራል።

ሆኖም የ1954 ቀን ተደጋገመ። በ2013፣ በዚያው የዝምታ ቀን፣ በከተማዋ ባቡር ጣቢያ ከ35 በላይ ሰዎች ተረጋግጠው ሞቱ። በ2025 የክፍለ ሀገሩ መንግሥት ስፍራውን ለጊዜው ራሱን የቻለ አውራጃ አደረገው፤ 4,000 ሄክታር መሬት፣ 25 ክፍሎች፣ 30 ተንሳፋፊ ድልድዮች፣ 150,000 ያህል መጸዳጃ ቤቶች ተዘጋጁ፤ ሕዝቡን የሚቈጥሩ ካሜራዎችም ተተከሉ። ጥር 29 ቀን፣ አሁንም በዝምታው ቀን፣ ጎሕ ሳይቀድ ሕዝቡ አጥሩን ጥሶ መታጠቢያ ሰዓቱን እየጠበቁ መሬት ላይ በተኙት ላይ ሄደ። አደጋው የደረሰው ሁለቱ ውሃዎች በሚገናኙበት ጫፍ አጠገብ ነው። የወንዞቹ ዳርቻ ብዙ ኪሎ ሜትር ቢረዝምም ሕዝቡ የሚፈልገው ያንን አንድ ቦታ ነበር። መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር በመጀመሪያ 30 ብሎ አስታወቀ፤ ኋላ የወጡ ዘገባዎች ከዚያ ከፍ ያደርጉታል። በማግስቱ ለክብር እንግዶች ተሰጥቶ የነበረው ልዩ የመኪና ማለፊያ ተሰረዘ። የኔህሩ ምክር 71 ዓመት ሆኖት ነበር። በየካቲት አጋማሽም ወደ ፕራያግራጅ ለመሳፈር ሲጋፉ 18 ሰዎች በኒው ዴልሂ ባቡር ጣቢያ ሞቱ።

መንግሥት በዚያ በዓል 660 ሚሊዮን ሰዎች ታጥበዋል ይላል። ይህን ቁጥር ከመንግሥት ውጭ ያረጋገጠ አካል የለም፤ አንድ ሰው ስንት ጊዜ እንደተቈጠረም መለየት ያዳግታል። ሕያዋንን በመቶ ሚሊዮን የቈጠረ አስተዳደር ሙታንን በዐሥሮች ለመቊጠር መዘግየቱና ቁጥሩ አከራካሪ መሆኑ ግን ለየትኛውም ሞያ ባልደረባ የሚያስጨንቅ ነገር ነው። አሾካ ለሹማምንቱ፣ ሳሙድራጉፕታ ለድል ያስጻፉት ከሁለት ሺህና ከአንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመታት በኋላ ይነበባል፤ በ1954 ያለቁት ሰዎች ቁጥር ግን ገና በእርግጥ አይታወቅም።

በዓሉ በየካቲት 26 ቀን 2025 ተፈጸመ። ታንኳ ቀዛፊዎቹ ወደ ዘወትር ደንበኞቻቸው ተመለሱ፤ የብረት ሰሌዳዎቹ ከአሸዋው ላይ ተነሥተው ተከመሩ፤ ካህናቱም አዲስ ስም የተጨመረባቸውን መጻሕፍት ሙላት ወደማይደርስበት ቤታቸው ወሰዱ። በየዓመቱ ሐምሌ ሲገባ ወንዙ ሜዳውን እስከ ግድቡ ይሸፍነዋል። በጥቅምት ውሃው ሲመለስ መሬቱ ካለፈው ዓመት ስፍራው ተንሸራቶ ስለሚገኝ ቀያሾቹ የአምናውን ካርታ ትተው እንደ ገና መለካት ይጀምራሉ።